ሰማያዊው ብሎኬት

ጥቅምት 9

ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ናት፤ ፀጉር ቤቷ ሰው አያጣም። እኔም እንደምታውቂኝ ሰዓቶቼ መሃል እውላለሁ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ፤ የጠየቅሽኝን ለመመለስ መጀመሪያ ግድግዳ መፋቅ ነበረብኝ።

አዎ፣ ትክክል ነሽ። የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከልስኑ ስር ሰማያዊ ነው። አንቺ ባልሽኝ ቦታ፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ብሎኬት፤ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት። አባባ ዛሬ ከተዘጋው የብሎኬት ፋብሪካ በሚነዳው መኪና ጭኖ ያመጣው ነው። ያኔ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሱ ነበር የሚሠራው፤ ለመሸከም አይከብድም፣ ሙቀት ይይዛል፣ ሚስማር ይቀበላል እየተባለ። እውነትም ሚስማር ይቀበላል፤ ግድግዳው በሰዓት ተሸፍኗል።

የላክሻቸው ሦስት ጥቁር ኩባያዎችም ደርሰውኛል። አንዱን ታች ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ፣ አንዱን ፎቅ መኝታ ቤት አስቀምጫለሁ። ሦስተኛውን፣ እንዳትቆጪኝ፣ ከፈትኩት። ምን ላድርግ? ክዳን ያለው ዕቃ ለሰዓት ሠሪ ልከሽ አትክፈት ይባላል? ውስጡ ያለችውን በማጉያዬ ባያት ባያት ጥፍር የምታክል ላስቲክ ብቻ ናት። ባትሪ የላት፣ ጥርስ የላት፣ የሚዞር ነገር የላት። ታዲያ እንዴት አድርጋ ነው የምትለካው? የምትለካውስ ምኑን ነው?

ደውልልኝ ላልሽው፣ ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ኩባያው በፖስታ መመላለሱ ካልቀረ ወረቀትም አብሮት ይመላለስ። ደግሞስ የሰው ቤት ሲለካ በሚውል ላቦራቶሪ ውስጥ ስንት ዘመን ሠርተሽ ምነው የኛን ቤት ዛሬ አስታወስሽው?

ወንድምሽ ደቂቃ

—

ጥቅምት 24

ለወንድሜ ለደቂቃ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለባለቤትህም ሰላም በልልኝ።

የከፈትካትን ጣላት። አልተቆጣሁም፤ አንዷን እንደምትከፍት ስለማውቅ ነው ሦስት የላክሁልህ።

ጥያቄህን ልመልስ። አፈርም ድንጋይም ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አይጠፋም፤ የትም አገር፣ የማንም ጓሮ። እሱ በጣም ቀስ እያለ ይፈርስና ራዲየም ይሆናል። ራዲየሙ ሲፈርስ ደግሞ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ሜዳ ላይ ከወጣ ንፋስ ይበትነዋል። ቤት ውስጥ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ግን ይጠራቀማል። ጋዙም ይፈርሳል፤ ፍርስራሹ አቧራ ላይ ይለጠፋል፤ አቧራውን እንተነፍሰዋለን፤ ሳንባችን ውስጥም ሆኖ መፈራረሱን ይቀጥላል። ሲፈርስ እንደ ጥይት የምትተኮስ ቅንጣት አለች። ያቺ የናቅካት ላስቲክ ቅንጣቷ ስትመታት ትቆስላለች። ቁስሉ በዓይን አይታይም፤ በአንተም ማጉያ አይታይም። ላስቲኳ ስትመለስልን የፈላ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ እንነክራታለን፤ ቁስሉ ይሰፋል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ እንቆጥረዋለን። የዕለት ሥራዬ ይኸው ነው፣ ጠባሳ መቁጠር።

ፋብሪካው ብሎኬቱን የሚሠራው እንደ መጽሐፍ ገጽ ከሚላጥ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ያ ድንጋይ ዩራኒየም ከሌላው ይበዛበታል። በጊዜው ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ አባባም ከየት ያውቃል? ለልጆቹ የሚሞቅ ቤት ነው የፈለገ።

ሁለቱን ኩባያዎች እስከ ጥር መጀመሪያ አትንካቸው። እባክህን። ለምን አሁን ላልከው፣ ሥራ ሲበዛ ሰው የራሱን ይረሳል። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ

—

የካቲት 3

እትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቁጥሮቹ ደረሱኝ። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በየሰከንዱ የሚፈርሰው ታች ስድስት መቶ አርባ፣ ፎቅ መቶ ሃያ! "መቶ ገደማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከሦስት መቶ ካለፈ አንድ ነገር ይደረግ" ብለሽ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

"ስድስት መቶ አርባስ ምን ይባላል?" አለችኝ።

"ብዙ ይባላል።"

"ታዲያ ምን ያስቅሃል?"

እውነቷን ነው፤ እየሳቅኩ ነበር። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ይህን ያህል ዘመን አንድ ነገር አብሮኝ ተቀምጦ ሲሠራ አለማወቄ ከፍርሃቱ ይልቅ ይገርመኛል። ድምፅ የሌለው ማሽን ነው እኮ!

መስኮቱን ላልሽው፣ አዎ፣ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አቧራ የገባበት ሰዓት ሰዓት አይደለም፤ ስለዚህ ዳር ዳሩን በላስቲክ ጠርቅሜዋለሁ። አሁን ጠዋትም ከሰዓትም እከፍተዋለሁ፤ ሰዓቶቹን ደግሞ ጨርቅ አልብሼአቸዋለሁ። አንድ ደንበኛ ገብቶ አየና "ምነው፣ ብርድ ብርድ አላቸው?" አለኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጋዙ የሚመጣው ከብሎኬቱ ነው ወይስ ከወለሉ ስር ካለው አፈር? ሁለቱም ሊሆን ይችላል ብለሻል። በምን ይለያል? የጠረጴዛ ሰዓት የሚከደንበትን የብርጭቆ ጉልላት ታውቂዋለሽ፤ አራት አሉኝ። አንዱን ኩባያ አስገብቼበት ወለሉ ላይ ብደፋውና ዙሪያውን በስቱኮ ብደፍነውስ? ሌላውን ደግሞ በጎኑ አጋድሜ አፉን ከተፋቀው ግድግዳ ጋር ባጣብቀው? የታፈነው አየር የየራሱን ይናገር የለ? ሞኝነት ከሆነ ሳትስቂ ንገሪኝ።

ደቂቃ

—

የካቲት 15

ለደቂቃ፤

ሞኝነት አይደለም። ለሥራ ባልደረባዬ በስልክ ሳነብለት "ይሄ ሰው የት ነው የሚሠራው?" አለኝ። "ሰዓት ነው የሚሠራው" አልኩት።

አንድ ነገር ግን ጎድሎሃል። ጉልላቱን ስትደፋ የክፍሉ አየር አብሮ ይታፈናል፤ እሱ ብቻውን ምን ያህል ጠባሳ እንደሚተው ካላወቅክ ሌሎቹን በምን ታነጻጽራለህ? ስለዚህ ሦስተኛውን ጉልላት ወፍራም መስታወት ላይ ድፋው፤ መስታወት ጋዝ አያሳልፍም። አራተኛውን ደግሞ ልስኑ ካልተፋቀበት ግድግዳ ላይ አጣብቀው፤ ልስንና ቀለም ምን ያህል እንደሚያግድ ሁለታችንም እንወቅ። ኩባያዎቹን ልኬአለሁ። ጉልላት ውስጥ ስለሚጠራቀም ሦስት ሳምንት ይበቃል። ስቱኮው እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጣት አለስልሰው።

የእጅ ጽሑፌ ተበላሸ አትበለኝ፤ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሳል ቢጤ ይዞኝ ጥቂት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የሚያሳስብ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰፈሩ ውስጥ በዚያው ብሎኬት ተሠርቶ ልጆች የሚውሉበት ቤት አለ?

እህትህ

—

ሚያዝያ 6

እትዬ፤

ሳልሽ ተሻለሽ? ውጤቱን በላክሽበት ደብዳቤ ስለ ጉልላቶቹ ብቻ ጽፈሽ ስለ ራስሽ ምንም አላልሽም።

ውጤቱ እንደደረሰኝ ቁጭ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፤ ቆሜ ነው ያነበብኩት። መስታወቱ ላይ ምንም የሚባል ነገር የለም። ወለሉ ላይ ትንሽ። ልስን ያለበት ግድግዳ ብዙ፤ የተፋቀው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ። ግድግዳው ነው! አራት ብርጭቆ ደፍተን ግድግዳውን አናገርነው!

ደስታው ግን አናቴ ላይ ወጣ። ልጆች የሚውሉበት ቤት አለ ወይ ብለሽኝ አልነበር? ከኛ ፊት ለፊት ያለው የሕፃናት ማቆያ አለ። ባለቤቲቱን እማማ ደወል ነው የምንላቸው፤ ድምፃቸው ከጎዳናው ጫፍ ይሰማል። ቤታቸው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ሰማያዊ ብሎኬት ነው፤ ልጆቹም ከምሳ በኋላ የሚተኙት ምድር ቤት ነው። እኔ ጅሉ ሰዓት ልታሠራ ለመጣች አንዲት እናት ነገርኳት። እሷ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለሌላዋ። በማግስቱ እማማ ደወል በሬ ላይ ቆሙ።

"አንተ ሰዓት ሠሪ! ግድግዳዬ መርዝ ይተፋል ብለሃል አሉ!"

"መርዝ አላልኩም እማማ፤ ጋዝ ነው ያልኩት።"

"እሱ ይሻላል እንዴ? ስንት ልጅ አሳድጌ አንዱ እንኳ ሳል ይዞት ወደ ቤቱ አልሄደም። ይኸው ዛሬ አራት እናቶች ልጆቻቸውን አላመጡም። ምን ልበላቸው? ጎረቤቴ ብርጭቆ ደፍቶ አየው ልበል?"

"ልለካልዎ?" አልኳቸው።

"የራስህን ለካ!" ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም። ምን ላድርግ?

ደቂቃ

—

ሚያዝያ 18

ለደቂቃ፤

እማማ ደወል እውነት አላቸው። አንተ የምታውቀው የኛን ግድግዳ ነው፤ የሳቸውን አታውቅም። ሰው ስለ ራሱ ቤት ከጎረቤት አፍ ሲሰማ የሚሰማው ስድብ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ሄደህ ይቅርታ ጠይቃቸው። ከዚያ የማታውቀውን "አላውቅም" በል። የምታውቀውን ደግሞ ሳታጋንን ተናገር። ይህ ጋዝ ዛሬ ተንፍሰውት ነገ የሚያሳምም አይደለም፤ የዓመታት ነገር ነው። ብዙ ሰው ተንፍሶት ምንም ሳይሆን ይኖራል፤ አንዳንዱ ግን ይታመማል። የሚያጨስ ከሆነማ ይብስበታል። ስለዚህ ልጆቹን ተሯሩጦ ማስወጣት አያስፈልግም፤ መለካት ግን ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቤት አይፈርስም፤ አየር ማስገቢያ ይከፈታል፣ አየር የሚለዋውጥ ማራገቢያ ይገጠማል፣ የመኝታ ክፍል ይቀየራል። ይህን መጀመሪያ ንገራቸው፤ ሰው መውጫው ሲታየው ነው ለመስማት የሚቀመጠው።

አምስት ኩባያ ልኬአለሁ፤ ለመጀመሪያ ግምት ሁለት ሳምንት ይበቃል። አንዱን ብትከፍት ሌላ አልክም።

ሳሌን ለጠየቅከው፣ ተሻለኝ።

እህትህ

—

ግንቦት 29

እትዬ፤

ለማቆያው የላክሽው ውጤት ከትናንት በስቲያ ደረሰ። ግን እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገርሽ።

ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን አልከፈቱልኝም። ነገሩን የፈታችው ባለቤቴ ናት። እማማ ደወል ፀጉራቸውን ሊታጠቡ ይመጣሉ፤ ራሳቸውን ማጠቢያው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ብቻ ነው ዝም የሚሉት። ባለቤቴ ስለ ማቆያው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የኛን ቤት ቁጥር ነገረቻቸው፤ እኔ ስንት ዘመን በዚያ ክፍል እንደተቀመጥኩ፣ እሷም ለኔ እንደምትሰጋ። እማማ ደወል ዓይናቸውን ገለጡ።

"ታዲያ አሁን ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"መስኮት እንከፍታለን። ማራገቢያ ሊገጥም ነው። የሥራ ጠረጴዛውንም ፎቅ አወጣዋለሁ ብሏል።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ቤት አይፈርስም?"

"ኧረ ምን በወጣው!"

በማግስቱ ራሳቸው መጡ። "አምጣው ያንን ኩባያህን" አሉኝ። እኔም ይቅርታዬን ጠየቅኩ፤ "እሱን ተወው፤ ይልቅ የት ላስቀምጠው?" አሉኝ።

ልጆቹ ከበው "ምንድን ነው?" ሲሉኝ በምን ቋንቋ ላስረዳቸው? "ግድግዳው ምን እንደሚል የሚሰማ ነው" አልኳቸው። "ጆሮ" ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ ወዲያ ማንም በጆሮው አጠገብ እንዳይጮህ እርስ በርስ ይቆጣጠሩ ጀመር። እማማ ደወል "እኔ ዘመኔን ሙሉ ዝም ማሰኘት ያቃተኝን ይሄ ኩባያ ዝም አሰኘልኝ" ብለው ስቀው ሊሞቱ።

መኝታ ቤቱ ዘጠኝ መቶ አሥር ሆኖ ሲመጣ ግን አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ "ማራገቢያ የሚገጥመው ማነው?" አሉ። በዚያው ቀን የልጆቹን ፍራሽ ወደ ፎቅ አወጣን፤ ወላጆቹም መጥተው አብረውን ተሸከሙ። ቁጥሩን ራሳቸው ናቸው ለወላጆቹ የተናገሩት፤ በዚያ ድምፃቸው፣ በር ላይ ቆመው። ሁሉም ልጆች ተመልሰዋል።

አሁን የኔ ተራ ነው፤ መልሺልኝ። ትናንት የታችኛውን ክፍል ዕቃ ሳወጣ ባለቤቴ ከመስኮቱ በስተግራ ያለውን የተፋቀ ግድግዳ አየችና "እዚህ ጋ ፋቅ ያለችህ ለምንድን ነው? ግድግዳው ሁሉ አንድ አይደል?" አለችኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ከዚያ ድንገት እጄ ቆመ። እዚያ ያንቺ አልጋ ነበር። ልጅ ሆነን እኔ ፎቅ ከእናታችን ጋር፣ አንቺ ታች ለብቻሽ፤ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ነበር የምትተኚው።

እትዬ፣ የምትጠይቂው ስለ ቤቱ ነው ወይስ ስለ ራስሽ?

ደቂቃ

—

ሰኔ 8

ለወንድሜ፤

ስለ ራሴ ነው።

ባለፈው መስከረም ለሥራ ቦታ የጤና ምርመራ ደረቴን ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ በቀኝ ሳንባዬ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ነጥብ አየ። "ታጨሻለሽ?" አለኝ፤ አላጨስም። "አጭሰሽ ታውቂያለሽ?" አላውቅም። ከዚያ የት እንደምሠራ ሲያውቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ልጅ ሆነሽ የኖርሽበት ቤት ከምን የተሠራ ነበር?" አለኝ። ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። በዚያው ሳምንት ነው የጻፍኩልህ።

ነጥቧ ትንሽ ስለሆነች በየጊዜው እየታየች ትቆይ ተባለ። የካቲት ላይ ያልኩህ ሳል የምርመራ ናሙና ሲወስዱ የመጣ ነው። ናሙናው ቁርጥ ያለ ነገር አልተናገረም። ባለፈው ወር ግን አድጋ ተገኘች። ሰኔ 22 ይቆርጡልኛል።

ከግድግዳው ነው ወይ ትለኛለህ። እኔም ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። "ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል" አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ያህል ዘመን ጠባሳ ስቆጥር አንዱም ላይ ከየት እንደመጣ ተጽፎ አላየሁም። ከብዙ ሰው መሃል ስንቱ እንደሚታመም መገመት እንችላለን፤ የአንዷን ሴት ግን ይህ ነው ብሎ የሚምል የለም። መጀመሪያ ይህ በጣም አናደደኝ። በኋላ ያንተ ደብዳቤዎች መምጣት ጀመሩ። ከሆስፒታል ስመለስ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ የብርጭቆ ጉልላት፣ ስቱኮ፣ እማማ ደወል። በዚያ ቀን ስለ ነጥቧ አላስብም ነበር፤ ወለሉ ይሆን ግድግዳው እያልኩ ነበር የምተኛው።

ለምን አልነገርሽኝም አትበለኝ። ብነግርህ ኖሮ መዶሻ አንስተህ ግድግዳውን ትንደው ነበር። እኔ ደግሞ እንድታየው ነው የፈለግኩ።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ አንተም ደረትህን ታይ። ባለቤትህም ትታይ። ነገ ዛሬ አትበል።

እህትህ

—

ሰኔ 13

እትዬዬ፤

ደብዳቤሽን ሳነብ ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ታነብ ነበር። ስጨርስ ወደ ታች ወረድኩ። መዶሻውን አንስቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። የሰዓት መዶሻ ናት፣ ግድግዳ ቀርቶ ለውዝ አትሰብርም። እሷን ይዤ ሳለቅስ ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች። "ግድግዳው የትም አይሄድም፤ እህትህ ግን ሰው ያስፈልጋታል" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለታችንም ደረታችንን ራጅ ተነሥተናል። የኔም የሷም ንጹሕ ነው። ይህን ሳትሰሚ ሐኪም ቤት እንዳትገቢ ብዬ ነው የምቸኩለው።

እማማ ደወል የቤቱን ቁልፍ ወስደዋል፤ መስኮት የሚከፍቱልን እሳቸው ናቸው። ማቆያው ውስጥ ለልጆቹ አዳዲስ ጆሮዎች ተቀምጠውላቸዋል፤ ማራገቢያውም ተገጥሟል።

አርብ ጠዋት እንሳፈራለን። ቤቱን እንዳታጸጂ፣ ምግብ እንዳትሠሪ፣ "ለምን ደከማችሁ" እንዳትይ። መልስም አትጻፊ፤ ደብዳቤሽ እዚህ ሲደርስ እኛ እዚያ ነን።

ደቂቃ

—

መስከረም 17

ለወንድሜና ለባለቤቱ፤

እንደምን ገባችሁ? እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ያን ያህል ሰንብታችሁልኝ አመሰግናለሁ ሳልላችሁ ነው አውቶቡሱ የተነሣው፤ ማልቀስ ፈርቼ ነው።

ሐኪሙን ትናንት አየሁት። የወጣችው ነጥብ ክፉው በሽታ ነበረች፤ ግን ሳትሰራጭ ነው የተያዘችው፤ ዙሪያዋ ንጹሕ ነው። ወደ ፊትም በየጊዜው ያየኛል። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ አርፋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር የማርፈው፣ አሁን አንዴ ሆኗል።

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። አለቃዬ ቀላል ሥራ ይሰጣት ብሎ ማይክሮስኮፑ ጋ አስቀመጠኝ። የመጀመሪያው ፖስታ የመጣው ከእማማ ደወል ነበር። አምስቱን ላስቲኮች ራሴ ነከርኳቸው፣ ራሴ አደረቅኳቸው። ከምድር ቤቱ የመጣችውን መጀመሪያ አየኋት። ባዶ መሰለችኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ መብራቱን አስተካክዬ እንደገና ቆጠርኩ። ጓደኛዬንም ጠርቼ እንዲቆጥር አደረግኩት። ሁለታችንም ያገኘነው አንድ ነው፤ ሲሰላ ዘጠና አምስት።

ዛሬውኑ ተሻግረህ ንገራቸው። እሳቸው ደግሞ በር ላይ ቆመው ይንገሩ፤ ምናልባት እዚህ ድረስ እሰማ ይሆናል።

እህታችሁ